ስለ መኖሪያ ቤትና ስለ ንግድ ቤት ግብር ልክ

ግብር የሚለው ቃል በቋንቋችን ሦስት ነገር ያመለክታል። አንደኛው ሰው ለመንግሥት የሚከፍለው ገንዘብ ነው፤ ሁለተኛው ጌታ ለሠራዊቱና ለቤተ ሰቡ የሚያቀርበው ማዕድ ነው፤ ሦስተኛውም የሰው ሥራና ጠባይ ነው፤ የእገሌ ግብሩ መልካም ነው፣ የእገሌ ግብሩ ክፉ ነው እንደምንል። የሦስቱም ሥር ገብረ የሚለው የግዕዝ ቃል ነው፤ ትርጓሜውም ሠራ፣ አደረገ ማለት ነው። አባቶቻችን ሦስቱን በአንድ ስም መጥራታቸው ያለ ምክንያት አይመስለንም፤ ከሕዝብ የተሰበሰበው ተመልሶ የሕዝብ ማዕድ መሆን ይገባዋልና፣ የሰብሳቢውም የከፋዩም ጠባይ በዚሁ ይታወቃልና። ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ስለ ቤት ግብር ለመጻፍ የተነሣነው፣ ነገሩ የሹማምንትና የገንዘብ ቤት ሰዎች ጉዳይ ብቻ ሳይሆን በየምድጃው ዙሪያ ሊነገር የሚገባው ስለ ሆነ ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንናገር። በከተማ የሚኖር ሰው ለብዙ ዘመን ሲከፍል የኖረው በ1968 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቁጥር 80 መሠረት የከተማ ቦታ ኪራይና የከተማ ቤት ግብር ነው፤ ሕዝቡም የጣራና የግድግዳ ግብር እያለ ይጠራዋል። ያ ሕግ ቤቱ ቢከራይ በዓመት ምን ያህል ኪራይ ያስገኛል ብሎ ገምቶ፣ ከዚሁ ግምት ላይ ከመቶ 1 ጀምሮ እስከ ከመቶ 4.5 ድረስ ያስከፍል ነበር። ነገር ግን ከተማው ሲሰፋ፣ ኪራዩም በየዓመቱ ሲያድግ፣ ግምቱ ከኑሮው ጋር አብሮ አልሄደም። ስለዚህ ከተሞች መንገድና ውኃ ሲጠየቁ ከራሳቸው ሣጥን የሚያወጡት ጥቂት ሆነ፤ ከበላይ የሚላክላቸውንም ድጎማ ዐይን ዐይኑን የሚያዩ ሆኑ።

በ2015 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ይህን የጣራና የግድግዳ ግብር ግምት ከፍ ባደረገ ጊዜ ብዙ ቤተ ሰብ ደነገጠ። ኢዜማ የተባለው የፖለቲካ ፓርቲም ነገሩን ወደ ፍርድ ቤት ይዞ ሄደ። የክርክሩም ፍሬ ነገር ገንዘቡ በዛ ወይም አነሰ የሚል ብቻ አልነበረም፤ ይህን ለማድረግ ሥልጣን የሚሰጠው የትኛው ሕግ ነው የሚል ነበር። ጥያቄው መልካም ጥያቄ ነው፤ ግብር በደብዳቤ ሳይሆን በሕግ እንዲጣል መጠየቅ እንቢተኝነት አይደለምና። በዚያው በ2015 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና የፌዴሬሽን ምክር ቤት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 99 መሠረት በአንድነት ተሰብስበው የንብረት ግብር የመጣል ሥልጣን የክልሎች እንዲሆን ወሰኑ። ከዚያም በጥር 2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጅን አጸደቀ።

የአዲሱም አዋጅ አካሄድ እንደዚህ ነው። መለኪያው የዓመት ኪራይ መሆኑ ቀርቶ የንብረቱ ዋጋ ሆነ። ይሁን እንጂ ግብሩ የሚታሰበው በዋጋው ሁሉ ላይ ሳይሆን ከመቶ 25 በሚሆነው ላይ ነው። ከዚህም ሩብ ላይ ስለ ቤቱ ከመቶ 0.1 በማያንስና ከመቶ 1 በማይበልጥ፣ ስለ ቦታው መጠቀሚያ መብት ደግሞ ከመቶ 0.2 በማያንስና ከመቶ 1 በማይበልጥ ልክ ይከፈላል።

ምሳሌ እንስጥ። 2,000,000 ብር የሚያወጣ ቤት ቢኖር ግብሩ የሚታሰበው በ500,000 ብር ላይ ነው። ዝቅተኛው ልክ የተመረጠ እንደ ሆነ ባለቤቱ ስለ ቤቱ በዓመት 500 ብር ይከፍላል፤ ከፍተኛው የተመረጠ እንደ ሆነ ግን 5,000 ብር ይከፍላል። የቦታውም ለብቻው ታስቦ ይጨመራል። እንግዲህ በአንዱና በሌላው ልክ መካከል ዐሥር እጥፍ ልዩነት አለ ማለት ነው። አዋጁ በሩን ከፈተ እንጂ ቍጥሩን አልጨረሰም፤ ቍጥሩን የመጨረስ ሥራ የክልሎችና የከተሞች ነው። ስለዚህ ክርክሩ ከአዲስ አበባ ወጥቶ ወደ ባሕር ዳርም፣ ወደ ደብረ ብርሃንም፣ ወደ ቦንጋም የሚሄድ ነው።

ይህን የምንጽፈው ከማንኪራ ነው። ማንኪራ በካፋ ጫካ መካከል ያለች የገጠር ቀበሌ ስትሆን፣ የቡና እናት ዛፍ መገኛ እየተባለች ትጠራለች። በሕጉ ፊት የገጠር መሬት ነች፤ የከተማው የንብረት ግብርም አይደርስባትም። ሆኖም የማንኪራ ሰው ቡናውንና ማሩን ተሸክሞ የሚወርደው ወደ ቦንጋ ገበያ ነው፤ ጨውና ልብስ የሚገዛው፣ ልጁን ቤት ተከራይቶ የሚያስተምረው እዚያው ነው። በቦንጋ ሱቅ ላይ የተጣለ ግብር በጨው ዋጋ ላይ፣ በቦንጋ ቤት ላይ የተጣለ ግብር በተማሪው ኪራይ ላይ ሊደርስ ይችላል። በዚህም ምክንያት የከተማ ግብር የከተሜ ነገር ብቻ ነው የሚለውን አሳብ አንቀበለውም።

ቦንጋ ራሷ ለገበያ እንግዳ አይደለችም። በካፋ ነገሥታት ዘመን ሲራራ ነጋዴ የሚሰበሰብባት የታወቀች ከተማ ነበረች፤ ነጋዴውም በኬላው በር ሲያልፍ ቀረጥ ይከፍል ነበር። የመጨረሻው ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ በምኒልክ ጦር ድል ከሆኑ በኋላ ግን አገሪቱ በገባር ሥርዓት ሥር ወደቀች፤ ያን ጊዜ የግብሩ መለኪያ ንብረት መሆኑ ቀርቶ ሰውየው ራሱ ሆነ። ገባሩ ለተመደበበት ሰው ያርሳል፣ ይፈጫል፣ ዕንጨት ይለቅማል፣ ዕቃ ይሸከማል፤ የሥራውም ልክ በጌታው ፈቃድ ነበረ። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ ቁጥር 70 መሬቱን ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ በሦስት ከፍሎ፣ በተለካ ጋሻ መሬት ላይ ግብሩንና ዐሥራቱን አንድ ላይ 50፣ 40ና 15 ብር ብሎ ቈረጠ። የዚያ አዋጅ ጕድለት ብዙ ነው፤ ነገር ግን ልክን በቍጥር መጻፉ ለገባሩ ዕረፍት ነበር። ልክ የሌለው ግብር ከባርነት እምብዛም አይርቅምና።

በሌላ በኩል ልክ ተጽፎም የሚለካው ሰው የማይታመን እንደ ሆነ ጠብ ይነሣል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር በወጣ ጊዜ የጎጃም ገበሬ በብርቱ ተቃወመ፤ ያስቈጣውም የገንዘቡ ብዛት ብቻ አልነበረም። ዛሬ መሬቴን የሚገምት ነገ ርስቴን ይነሣኛል የሚል ሥጋት ነበረበት። እንግዲህ ከእነዚህ ሁለት ታሪኮች የምንማረው፣ ግብር በሰው ልብ ተቀባይነት የሚያገኘው ልኩ የታወቀና ገማቹም የታመነ ሲሆን ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስና አንዲት ባልቴት እናስብ። ከሟች ባሏ ጋር ከሠላሳ ዓመት በፊት በቦንጋ መንገድ ዳር የጭቃ ቤት ሠርታለች እንበል። በ2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት ቦንጋ ከክልሉ መቀመጫዎች አንዷ ሆነች፤ መሥሪያ ቤት መጣ፣ ሠራተኛም ቤት ፈላጊ ሆኖ መጣ፤ የቦታውም ዋጋ ከፍ አለ። የባልቴቷ ጓዳ ግን እንደ ቀድሞው ነው፤ ጣራው ያው ቆርቆሮ ነው፤ ገቢዋም ከጓሮዋ የምታገኘው እንሰትና ቡና፣ ልጇም የሚልክላት ጥቂት ገንዘብ ነው። ገማቹ መጥቶ፤ እማማ፣ ቤትዎ ብዙ ገንዘብ ያወጣል ቢላት፤ ልጄ፣ ለማን ሸጬ የት ልገባ ነው ብላ ትመልስለታለች። መልሷም እውነተኛ ነው። የመኖሪያ ቤት ዋጋ ባለቤቱ እስኪሸጠው ድረስ በወረቀት ላይ ያለ ገንዘብ ነው፤ በወረቀት ላይ ያለ ገንዘብ ደግሞ ግብር አይከፍልም። በቦታው ላይማ ነገሩ ይብሳል፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ካለ በኋላ፣ የማይሸጠውን ነገር በዋጋ ገምቶ ማስከፈል ብርቱ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ሱቁ ግን እንዲህ አይደለም። በባልቴቷ ቤት አጠገብ ያለው ባለ ፎቅ የንግድ ቤት ዋጋው ሲጨምር ኪራዩም ይጨምራል፤ ገንዘቡም በየወሩ በባለቤቱ እጅ ይገባል። የመንገዱ መጠረግ፣ የመብራቱ መግባት፣ የመሥሪያ ቤቶቹ መምጣት ያመጣለት ትርፍ ነው፤ ይህንንም ያደረገው የሕዝብ ገንዘብ ነው። ከዚህ ትርፍ ጥቂቱን ለከተማው ውኃና ቦይ መልስ ቢባል በደል ነው ለማለት አንችልም። ግብሩ ከፍ ይበል የሚሉ ሹማምንትም ይህን ሲናገሩ እውነት አላቸው፤ የራሱ ገንዘብ የሌለው ከተማ የራሱ አሳብም አይኖረውምና።

ይህ ክርክር በዓለም ላይ አዲስ አይደለም። በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ግዛት የቤት ዋጋ በፍጥነት ሲወጣ ሽማግሌዎች ከቤታቸው ልንነቀል ነው ብለው ስለ ጮኹ፣ ሕዝቡ በ1978 እ.ኤ.አ. በድምፅ ብልጫ አንድ ሕግ አወጣ። ሕጉም የንብረት ግብር ከዋጋው ከመቶ 1 እንዳይበልጥ፣ ለግብር የተያዘውም ግምት በዓመት ከመቶ 2 በላይ እንዳያድግ፣ እንደ ገና በገበያ ዋጋ የሚገመተውም ንብረቱ ባለቤት ሲለውጥ ወይም አዲስ ግንባታ ሲሠራ ብቻ እንዲሆን አደረገ። ሽማግሌዎቹ ዐረፉ። ነገር ግን ልኩ ለመኖሪያ ቤትና ለንግድ ቤት አንድ ስለ ሆነ፣ ቦታቸውን ሳይሸጡ ብዙ ዘመን የሚቆዩ ትላልቅ ድርጅቶችም በዚያው ጥላ ሥር ዐረፉ። አዲስ ቤት የገዛ ወጣት ባለትዳር፣ ከጎኑ ካለው ተመሳሳይ ቤት ባለቤት ብዙ እጥፍ የሚከፍልበትም ጊዜ መጣ። በ2020 እ.ኤ.አ. የመኖሪያ ቤቱ ልክ እንዳለ ሆኖ ትላልቅ የንግድና የኢንዱስትሪ ንብረቶች ብቻ በገበያ ዋጋ ይገመቱ የሚል አሳብ ለሕዝብ ቀረበ፤ ከመቶ 48 ደግፎት ከመቶ 52 ስለ ተቃወመው ወደቀ። ከተቃዋሚዎቹ ምክንያት አንዱ፣ ባለ ሕንፃው ግብሩን በትንሹ ተከራይ ነጋዴ ላይ ያዞረዋል የሚል ነበር።

ከዚህ ሁለት ነገር እናስተውላለን። መጀመሪያውኑ መኖሪያውንና ንግዱን ሳይለይ የተጻፈ ልክ ከዐርባ ዓመት በኋላ ለመለየት አስቸጋሪ ይሆናል። ደግሞም በትልቁ ላይ የተጣለ ሸክም እታች እንዳይወርድ ካልታሰበበት፣ የቦንጋው ቡና ለቃሚና የጉልት ቸርቻሪ የፎቁን ግብር ይከፍላሉ።

ስለዚህ ይህን ቍጥር ሊወስኑ በየምክር ቤቱ ለሚቀመጡ ወገኖቻችን የሚከተለውን በትሕትና እናመለክታለን።

አንደኛ፤ ባለቤቱ ራሱ የሚኖርበት ቤት ልኩ በዝቅተኛው ጫፍ አጠገብ ይሁን፤ የንግድ ቤትና የሚከራይ ቤት ከዚያ ከፍ ይበል። በ0.1ና በ1 መካከል ያለው ስፋት ለዚህ ይበቃል። መለያውም የቤቱ መልክ ሳይሆን የቤቱ ሥራ ይሁን፤ መኖሪያ ተብሎ ተመዝግቦ መደብር የሆነ ቤት ብዙ ነው፤ አንድ ሰው አምስት ቤት አከራይቶ አምስቱንም መኖሪያ ናቸው ቢል ሊሰማ አይገባም።

ሁለተኛ፤ ግምቱ በሚታደስበት ጊዜ ጭማሪው በአንድ ዓመት እንዳይወርድ፣ በየዓመቱ ሊጨምር የሚችለው ልክ ይወሰን። ይሁን እንጂ እንደ ካሊፎርኒያው ለዘለዓለም የተቈለፈ አይሁን፤ የአባቶችን ዕረፍት በልጆች ዕዳ መግዛት ፍርድ አይሆንምና።

ሦስተኛ፤ ገቢ ለሌላቸው አረጋውያን፣ ባልቴቶችና ድኩማን ግብሩ ቤቱ እስኪሸጥ ወይም ለወራሽ እስኪተላለፍ ድረስ በመዝገብ ተይዞ የሚቆይበት መንገድ ይበጅ። እንዲህ የሆነ እንደ ሆነ ከተማው ገንዘቡን አያጣም፤ ባልቴቷም ባሏ የሠራላትን ቤት አታጣም።

አራተኛ፤ ከተማው ሰፍቶ የገጠር ቀበሌ ወደ ከተማ ክልል በሚገባበት ጊዜ የገበሬው የጓሮ ቡናና እንሰት ሥራውን እስካልለወጠ ድረስ እንደ ከተማ ቦታ አይገመት። ትናንት አራሽ የነበረ ሰው ድንበር ተሻግሮበት ዛሬ ባለ ከተማ ቦታ ነህ ቢባል፣ የሚከፍለው ያጣና ያንኑ ጓሮ ቈርጦ ለመስጠት ይገደዳል፤ በካፋ ደግሞ ጓሮ ከጠፋ ዛፉም ንቡም አብረው ይጠፋሉ።

ከአንባብያኖቻችን ብዙዎቹ በሥልጣንና በርስት የታወቁ ሰዎች መሆናቸውን ስለምናውቅ አንድ ነገር ልንሸሽግ አንወድም። ልኩን የሚወስነው ሰውና ብዙ ቤት ያለው ሰው አንዳንድ ጊዜ አንድ ሰው ነው። ይህ ነውር አይደለም፤ ነውር የሚሆነው ስለ ድኻይቱ ባልቴት እየተናገረ ለራሱ ፎቅ ጥላ የፈለገ እንደ ሆነ ነው። ስለዚህ በምክር ቤት የሚነሣ ሰው አስቀድሞ፤ እኔ በዚህ ልክ ስንት እከፍላለሁ፣ ጎረቤቴስ ስንት ትከፍላለች ብሎ በወረቀት ላይ ቢያሰላ፣ ከረዥም ንግግር ይልቅ ይህ ይጠቅመዋል።

ለየቤተ ሰቡም የምንለው አለን። በፍርድ ቤት መዝገብ ዘመናችንን የምናሳልፍ እንደ መሆናችን፣ ቤት የሚያፈርሰው ዕዳ ብቻ ሳይሆን የወረቀት መጥፋትም እንደ ሆነ ዘወትር እናያለን። አባት ከሞተ ብዙ ዓመት ሆኖት የቤቱ ካርታ በሟች ስም ይኖራል፤ ግብሩ በሟች ስም ይጠየቃል፤ ወራሾቹ አንዱ በሌላው እያመካኙ ሳይከፍሉ ይቀራሉ፤ ውዝፉና መቀጫው በተደራረበ ጊዜ ወንድምና እኅት በችሎት ፊት ይገናኛሉ። ስለዚህ ውርስ ያለው የወራሽነት ማስረጃውን ዛሬ ያውጣ፤ ስሙንም በቶሎ ያዛውር። ባልና ሚስትም የቤታቸውን ካርታና የየዓመቱን የግብር ደረሰኝ በአንድ ሣጥን ያኑሩ፤ ቍልፉንም ሁለቱም ይወቁት። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱ ስምምነት እንዳይሸጥ አዝዟል፤ ሁለቱ ካልተስማሙ የማይሸጠውን ቤት፣ ግብሩን አንደኛው ብቻ የሚያውቀው ሊሆን አይገባም።

የግምት ወረቀት በመጣ ጊዜም ሳያነቡ መፈረም፣ ወይም በንዴት ቀዶ መጣል አይበጅም። የቤቱ ስፋት፣ የተሠራበት ዕቃ፣ የሚሰጠው አገልግሎት በትክክል መጻፉን አንድ በአንድ ይመልከቱ፤ ስሕተት ያለ እንደ ሆነ ቀኑ ሳያልፍ አቤቱታ በጽሑፍ ያቅርቡ፤ ግልባጩንም ይያዙ። አቤት ያለ ሰው እንቢተኛ አይባልም፤ ጊዜው ካለፈ በኋላ የጮኸ ግን የሚሰማው አያገኝም። ደግሞም ግብሩን በዓመት አንድ ቀን ከመፈለግ በየወሩ ጥቂት ጥቂት ማኖር ይቀላል፤ 1,200 ብር በአንድ ቀን ለብዙ ቤት ከባድ ነው፤ በወር 100 ብር ግን ያስቸግር ይሆናል እንጂ ቤት አያናጋም።

የከፈለ ሰው ደግሞ የመጠየቅ መብት አለው። በዚህ ዓመት ከቤታችን የተሰበሰበው ስንት ነው፣ የትኛው መንገድ ተጠገነበት፣ የትኛው የውኃ ቧንቧ ተዘረጋበት ብሎ በቀበሌው ስብሰባ ይጠይቅ። ሹሙም ሒሳቡን በአደባባይ ሰሌዳ ላይ ይለጥፍ። የሚሰበሰበው ግብር የሚታይ ማዕድ የሆነ እንደ ሆነ ከፋዩ ሳይጐተት ይመጣል፤ የማይታይ የሆነ እንደ ሆነ ግን ልኩ ምንም ያህል ቢያንስ ለከፋዩ ብዙ ይመስለዋል።

ልኩ ተቈርጦ ከተጻፈ በኋላ ማጕረምረም ቀላል ነው፤ የሚጠቅመው ግን ሳይጻፍ መናገር ነው። ስለዚህ የቤት አባትና የቤት እመቤት ስለ ቤታቸው ግብር በማዕዳቸው ይነጋገሩ፤ የተነጋገሩትንም ቍጥሩን ለሚወስኑት እንደራሴዎቻቸው በጊዜ ያድርሱ። እንደራሴዎቹም የሚቈርጡት ቍጥር ባለ ፎቁን ከከተማው ሸክም ድርሻውን የሚያሸክም፣ ባልቴቷንም ከደጃፏ የማያወጣ መሆኑን አረጋግጠው ይፈርሙ።